ቁጥሩ የሚስተካከል መነጽር ለቦርደዴ ነጋዴ ያዋጣዋል?

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የቁም ከብት ገበያዎች ዋጋ ሁልጊዜ በአፍ አይነገርም። ደላላና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሥር ከተው፣ በጣት ተነካክተው የሚደራደሩበት የቆየ ልማድ አለ። ለዚህ ዓይነቱ ድርድር ዓይን ብዙም አያስፈልግም። ክፍያው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ የበሬ ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ተቆጥሮ ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክትም ይደርሳል። ሻጩ ገመዱን ከመልቀቁ በፊት የላኪውን ስም ማንበብ፣ ዜሮዎቹን መቁጠር፣ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ማረጋገጥ አለበት። ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት የሚልኩ አጭበርባሪዎች ባሉበት ዘመን ስልክን ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ «አንብብልኝ» ማለት ንብረትን ያለ ዋስ በአደራ እንደ መስጠት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በ40 ዓመት አካባቢ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ በቅርብ ያለን ጽሑፍ አጥርቶ ማየት ያዳግተዋል። ነጋዴው ስልኩን እጁ እስከሚደርስበት ድረስ አርቆ ይይዛል፤ ከዚያም እጁ ያጥርበታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ለዚህ ችግር መፍትሔ ያላገኙ ሰዎች በዓለም ላይ 826 ሚሊዮን እንደሆኑ ገምቷል። ጉዳዩ እንግዲህ የጥቂት ሽማግሌዎች ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ የአንድ ትውልድ ጉዳይ ነው።

ቦርደዴ በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ዓይን ለክቶ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ማግኘት እንደ አዲስ አበባ ቀላል አይደለም። ስልክና ኢንተርኔት ግን አለ። በኢንተርኔት የሚሸጠው «ቁጥሩን ራስዎ ያስተካክሉ» የሚባለው መነጽር ልብ የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው። ለመሆኑ ይህ ዕቃ ምንድን ነው? ለማን ያዋጣል? ማንንስ ያከስራል?

ዕቃው እንዴት ይሠራል?

የማስታወቂያው ይዘት በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። በመነጽሩ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቁልፎች አሉ። ቁልፉን በማዞር አንዱ መነጽር ለስልክ፣ ለኮምፒዩተር፣ ለመኪና መንጃም ይሆናል፤ ከማይነስ 6 እስከ ፕላስ 3 ያለውን ቁጥር ሁሉ ይሸፍናል፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም አያስፈልግም ይባላል።

መሠረቱ እውነተኛ ሳይንስ ነው። በገበያ ላይ ካሉት ዓይነቶች የመጀመሪያው በሁለት ስስ የፕላስቲክ ሌንሶች የሚሠራ ነው። የሌንሶቹ ፊት በልዩ ቅርጽ የተሞረደ ሲሆን አንዱ በሌላው ላይ ወደ ጎን ሲንሸራተት የመነጽሩ ኃይል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህን ዘዴ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ሉዊስ አልቫሬዝ ነው። የፈጠራ መብቱንም በ1967 አግኝቶበታል። በኢንተርኔት የሚሸጡት ርካሽ ተስተካካይ መነጽሮች በብዛት የዚህ ዘዴ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው በፈሳሽ የሚሠራው ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ጆሹዋ ሲልቨር እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመሩት ሥራ ውጤት ነው። በሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል የሲሊኮን ዘይት ይሞላል። በትንሽ መርፌ ዘይት ሲጨመር ሌንሱ ያብጥና ወደ ፕላስ ይሄዳል፤ ዘይቱ ሲቀነስ ይሰረጉድና ወደ ማይነስ ይሄዳል። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ካስተካከለው በኋላ መርፌው ተነቅሎ ይጣላል፤ መነጽሩም እንደ ማንኛውም መነጽር ቁጥሩ የረጋ ይሆናል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። የሲልቨር ዓላማ ሰው ቀኑን ሙሉ ቁልፍ እያዞረ እንዲውል አልነበረም። ባለሙያ በሌለበት አገር ሰው ቁጥሩን ራሱ እንዲያገኝ ነበር። በሌላ አነጋገር ዕቃው መነጽርም መለኪያም ነው። ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለውም ለመለኪያው ነው።

ይህን በገበያ ቋንቋ ማስቀመጥ ይቻላል። እህል ነጋዴ ኩንታሉን በሚዛን ይመዝናል፤ ክብደቱን ካወቀ በኋላ ግን ሚዛኑን ከእህሉ ጋር ጭኖ አይሄድም። ተስተካካይ መነጽር የሚገዛ ሰው ሚዛኑንና እህሉን አንድ ላይ ይገዛል፤ ሚዛኑንም ዕድሜ ልኩን አፍንጫው ላይ ይሸከማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መነጽሩ ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ልኬቱን በርካሽ ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል ወይ?» መሆን አለበት።

ተሞክሮው ምን ያሳያል?

ሰው ቁጥሩን ራሱ ማግኘት እንደሚችል በጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በወጣና በቻይና ገጠር ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት በሆኑ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ10 ተማሪዎች ከ9 የሚበልጡት መነጽሩን ራሳቸው አስተካክለው በሩቅ ያለውን ጽሑፍ አጥርተው ለማየት ችለዋል። ውጤቱ ባለሙያ ከሚለካው ጋር የተቀራረበ ቢሆንም በልኩ ትክክለኛነት ግን የባለሙያው ይበልጥ ነበር። «ሐኪም አያስፈልግም» የሚለው ማስታወቂያ ስለዚህ ግማሽ እውነት አለው።

በንግድ ረገድ ግን ሌላ ትምህርት ተገኝቷል። ሲልቨር እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ አንድ ቢሊዮን ሰዎችን የመድረስ ራዕይ ነበራቸው። የተሠራጨው ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። አንዱ መነጽር በወቅቱ 19 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። ቁጥሩ የማይለወጥ ተራ የማንበቢያ መነጽር ግን በጅምላ ከዚያ በጥቂቱ ዋጋ ይገዛል። ሁለቱ በአንድ መደብ ላይ ሲቀርቡ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

የሩዋንዳ ተሞክሮም ወደዚሁ ያመራል። ቪዥን ፎር ኤ ኔሽን የተባለው ድርጅት ከሩዋንዳ መንግሥት ጋር ሆኖ በአገሪቱ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶችን በአጭር ሥልጠና ዓይን እንዲመረምሩ አድርጓል። የድርጅቱ መሥራች ጄምስ ቼን ተስተካካይ መነጽር የሚያመርተው የአድለንስ ኩባንያም ሰው ናቸው። ዕቃውን በሚያመርቱት ሰው በተጀመረ ሥራ ውስጥ እንኳ ዋናው ጉልበት የፈሰሰው መነጽሩ ላይ ብቻ ሳይሆን የሚመረምረው ነርስ ላይ ነው።

የመነጽር ትርፍ በገንዘብ ሲሰላ

መነጽር ወጪ ነው ወይስ ሥራ ማስኬጃ? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ጠንካራ ጥናቶች መልስ ሰጥተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት በሕንድ አሳም ግዛት 40 ዓመት የሞላቸውን 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የተመለከተ ነው። የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ለቃሚዎች በቀን የሚለቅሙት መጠን ካልተሰጣቸው ይልቅ 5 ኪሎ ግራም ያህል ጨምሯል፤ ይህም በመቶኛ 21.7 ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የባንግላዴሽ ጥናት ነው። በ56 መንደሮች የሚኖሩ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆኑ 824 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ መነጽር ያገኙት ሰዎች ወርሃዊ ገቢ በስምንት ወር ውስጥ ከ35.3 ዶላር ወደ 47.1 ዶላር ከፍ ብሏል። ጭማሪው 33.4 በመቶ ነው።

ሻይ የሚለቅም ሰው ከተጠቀመ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚያነብ ደላላማ ምን ያህል ሊጠቀም እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ በሁለቱም ጥናቶች ገቢ ያሳደገው ባለ ቁልፍ መነጽር አይደለም። ቁጥሩ የረጋ ተራ የቅርብ መነጽር ነው። ገቢ ለማሳደግ ጥሩ የቅርብ ዕይታ ይበቃል፤ ቁልፍ ማዞር ግዴታ አይደለም።

ስሌቱ

አሁን ወደ ቦርደዴ ይመለሱና ቁጥሩን ያስሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ የስሌቱን አሠራር ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው። አንባቢ በዕለቱ ዋጋ ይተካቸው።

አንድ የ48 ዓመት የከብት ደላላ ይታሰብ። ተስተካካይ መነጽሩ ከነማጓጓዣውና ከነቀረጡ 3,000 ብር ያስወጣዋል። ሁለት ዓመት ያገለግለዋል ይባል። ተራ የማንበቢያ መነጽር ደግሞ 400 ብር ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢገዛ 800 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 2,200 ብር ነው። ይህ 2,200 ብር የልኬቱ ዋጋ ነው።

ደላላው ዓይኑን ለመመርመር ጭሮ፣ ሐረር ወይም አዳማ ድረስ መሄድ አለበት እንበል። ትራንስፖርት 500፣ ምርመራ 500፣ ከገበያ በመቅረቱ የሚያጣው የአንድ ቀን ገቢ 800 ብር ቢሆን ልኬቱ 1,800 ብር ያስወጣዋል። ከ2,200 ያነሰ ነው። ተራው መነጽር በ400 ብር አሸነፈ ማለት ነው። ለሌላ ጉዳይ በሚሄድበት ቀን ከተመረመረ ደግሞ ትራንስፖርቱና የቀን ገቢው ከሂሳቡ ስለሚወጡ ትርፉ ይሰፋል። በሌላ በኩል የአንድ ገበያ ቀን ገቢው 2,000 ብር ከሆነ ልኬቱ 3,000 ብር ይደርስና ተስተካካዩ መነጽር በወረቀት ላይ ያሸንፋል።

በወረቀት ላይ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩቁን አጥርቶ የሚያይና ቅርቡ ብቻ ያስቸገረው ሰው ልኬቱን በነፃ ማግኘት ይችላል። ተራ የማንበቢያ መነጽሮች ከፕላስ 1 እስከ ፕላስ 3.50 ተደርድረው በሚሸጡበት ቦታ መደቡ ራሱ ሚዛን ነው። ገዢው ስልኩን አውጥቶ በተለመደው ርቀት ይዞ አንድ በአንድ ይሞክራል፤ ጽሑፉን አጥርቶ ከሚያሳዩት ውስጥ ዝቅተኛውን ቁጥር ይመርጣል። ሩቁን ያለ መነጽር በደንብ ለሚያይ ሰው በ40ዎቹ መጀመሪያ ፕላስ 1 ገደማ፣ በ50 አካባቢ ከፕላስ 1.50 እስከ ፕላስ 2፣ ከ60 በኋላ ፕላስ 2.50 ገደማ ብዙውን ጊዜ ይስማማዋል። ለዚህ ሰው 3,000 ብር ከፍሎ ቁልፍ መግዛት የ2,200 ብር ኪሣራ ነው።

በስሌቱ ውስጥ ሌላም ያልተቆጠረ ነገር አለ። በኢንተርኔት የሚገዛ ዕቃ ዋጋው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ 20 ዶላር የነበረ መነጽር 1,140 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ ያው መነጽር ዋጋው በዶላር ሳይለወጥ ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። ዕቃው ተሰብሮ ቢደርስ ወይም ባይስማማ ደግሞ ወደ ውጭ አገር መልሶ መላክ ከዋጋው በላይ ያስወጣል። መመለስ የማይቻል ዕቃ የሚገዛ ሰው ኪሣራውን አስቀድሞ ዋጋው ላይ መደመር ይኖርበታል።

ቁልፉ የማያስተካክለው

ተስተካካይ መነጽር የሚያርመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የማተኮሪያ ርቀት ነው። ዲዮፕተር የሚባለው የመነጽር ቁጥር ከዚህ ርቀት ጋር የተያያዘ ነው። ፕላስ 1 ሌንስ በ1 ሜትር፣ ፕላስ 2 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ፕላስ 2.50 በ40 ሳንቲ ሜትር ያተኩራል። በዚህ ምክንያት በፕላስ 2.50 ስልኩን በደንብ የሚያነብ ሽማግሌ በ1 ሜትር ርቀት የተንጠለጠለውን ሚዛን ሲያይ ይደበዝዝበታል። ባለ ቁልፉ መነጽር እዚህ ላይ በእርግጥ ብልጫ አለው፤ ቁልፉን ቢያዞሩት ሚዛኑም ይጠራል። ነገር ግን በአንድ እጁ ገመድ በሌላው ስልክ የያዘ ደላላ ሁለት ቁልፍ በየደቂቃው የማዞር ጊዜ የለውም። አባቶች መነጽሩን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው በላዩ የሚያዩት ዘዴ ይፈጥናል፤ ወጪም የለውም።

ከዚህ ውጪ የሚከተሉትን ቁልፉ አያስተካክልም።

አንደኛ፣ አስቲግማቲዝምን አያርምም። ይህ የዓይን የፊት ገጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያልጎበጠ ሲሆን የሚፈጠር ችግር ነው። ቀጥ ያለው መስመር ሲጠራ አግድሙ ይደበዝዛል፤ አግድሙ ሲጠራ ቀጥ ያለው ይደበዝዛል። እንዲህ ያለ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቢውል ልኩን አያገኝም። በልክ የታዘዘ ሌንስ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ በተንሸራታቹ ዓይነት ጥርት ያለው ቦታ መሐሉ ብቻ ነው። ጠርዙ ምስል ያጣምማል። በዚህ መነጽር መኪና መንዳት፣ በተለይ ሌሊት የጫት አይሱዙ ይዞ በሐረርጌ ጠመዝማዛ መንገድ መሄድ፣ ለራስም ለሌላም አደጋ ነው። ማስታወቂያው «ለመንዳትም ይሆናል» ቢልም ገዢው ለዚህ ብሎ መግዛት የለበትም።

ሦስተኛ፣ በሁለት ሌንሶች መካከል ክፍተት አለ። አቧራ ይገባዋል፤ ሌንሶቹ ሲንሸራተቱም አቧራው ይጭራቸዋል። የቆላ ከብት ገበያ አቧራ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ዕድሜው ከማስታወቂያው ሊያጥር እንደሚችል ይረዳል።

አራተኛውና ትልቁ፣ በሽታን አያክምም። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ የመጣው በዓይን ሞራ ነው። ትራኮማ ባስከተለው ጠባሳ የመጣው 11.5 በመቶ ሲሆን በመነጽር ሊታረም የሚችለው 7.8 በመቶ ብቻ ነበር። በዝቅተኛ ዕይታ ረገድም የዓይን ሞራ 42.3 በመቶ ሲይዝ በመነጽር የሚታረመው 33.4 በመቶ ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዕይታው ከደከመ ሦስት ሰው ውስጥ አንዱን መነጽር ሊረዳው ይችላል። የሌሎቹ ችግር ሌላ ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ግላኮማ ደግሞ ያለ ሕመም የዳር ዕይታን እየሰረቀ ይሄዳል፤ አንዴ የጠፋው አይመለስም። የስኳር በሽታም ሬቲናን ይጎዳል። ሞራ የያዘው ሰው ቁልፉን በየወሩ እያዞረ «ዛሬስ ይሻላል» እያለ ዓመት ሊያሳልፍ ይችላል። ግላኮማ ያለበት ሰው ያንን ዓመት ካጣ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ይህ ኪሣራ በ3,000 ብር አይለካም።

ሳይገዙ የሚደረግ ፈተና

ገንዘብ ከማውጣት በፊት በቤት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። በጠንካራ ወረቀት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ቀዳዳ በመርፌ ይበሳል። አንዱን ዓይን ሸፍኖ፣ በሌላው በቀዳዳዋ በኩል በብርሃን ቦታ ራቅ ያለ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የሱቅ ማስታወቂያ ማየት ነው። ያለ ቀዳዳው የደበዘዘው ጽሑፍ በቀዳዳው ከጠራ ችግሩ በአብዛኛው የማተኮር ነውና መነጽር ሊረዳ ይችላል። ካልጠራ ወይም ከባሰ ምንም ዓይነት መነጽር ሳይገዙ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ይህ ፈተና ግላኮማን ስለማይለይ 40 ዓመት ያለፈው ሰው፣ በተለይ በቤተሰቡ ውስጥ በግላኮማ የታወረ ሰው ያለ እንደሆነ፣ ፈተናውን ቢያልፍም የዓይን ግፊቱን ማስለካት አለበት። ድንገት ዕይታ የቀነሰበት፣ ዓይኑ የሚያመው ወይም በብርሃን ዙሪያ ቀለበት የሚያይ ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ቶሎ ይሂድ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። በአቅራቢያ ያለው ሆስፒታል አገልግሎቱን በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ በስልክ መጠየቅ የከንቱ ጉዞን ወጪ ያድናል።

ለማን ይበጃል?

ተስተካካይ መነጽር ጭራሽ አይረባም ማለት አይደለም። በሚከተሉት ሁኔታዎች ዋጋውን ሊመልስ ይችላል።

ሩቁም ያስቸገረው፣ ማለትም ማይነስ የሚያስፈልገው ሰው ከተራው መደብ ልኩን አያገኝም፤ መደቡ በአብዛኛው ፕላስ ብቻ ነውና። ወደ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ተስተካካዩ ሊያቆየው ይችላል። የሁለት ዓይኑ ቁጥር የሚለያይበት ሰውም እንዲሁ፤ ተራው መነጽር ለሁለቱም ዓይን አንድ ቁጥር ሲሰጥ ተስተካካዩ እያንዳንዱን ለየብቻ ያስተካክላል። የታዘዘለት መነጽር መንገድ ላይ ቢሰበርበት ሌላ እስኪያሠራ የሚሆን መጠባበቂያ የሚፈልግ ተጓዥ ነጋዴም ከዚህ ይመደባል። የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቁጥሩ እስኪረጋ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ጠይቆ ሊጠቀምበት ይችላል።

የገዛ ሰው አስተካከሉን ማወቅ አለበት። አንድ ዓይን ሳይጫኑት ይሸፈናል። ቁልፉ ወደ ፕላስ ጫፍ ዞሮ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ከዚያ 6 ሜትር ያህል ርቆ የተሰቀለ ጽሑፍ እያዩ ቀስ ብሎ ወደ ማይነስ ማዞር ነው። ጽሑፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠራበት ቦታ ማቆም ይገባል። ከዚያ አልፎ ማዞር ፊደሉን ጠቆር አድርጎ ቢያሳይም ዓይንን ያደክማል፤ በተለይ ወጣቶች በዚህ ይሳሳታሉ። ለሁለተኛው ዓይን እንደዚሁ ይደረጋል። ለንባብ ሲሆን መጽሐፉን ወይም ስልኩን በ40 ሳንቲ ሜትር ይዞ በተመሳሳይ መንገድ ማስተካከል ይቻላል። በመጨረሻም የበር ጠርዝን ወይም የመብራት ምሰሶን በሌንሱ መሐልና ዳር ማየት ነው። ምሰሶው መሐል ላይም ከታጠፈ ወይም አሥር ደቂቃ ሲያደርጉት ራስ ምታት ከጀመረ ዕቃው አይረባም።

ለአስመጪው

ይህን ዕቃ በካርቶን አምጥቶ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ሊኖር ይችላል። ሂሳቡን ከላይ ከተጻፈው ማውጣት ይችላል። አብዛኛው ገዢ ቅርቡ ብቻ ያስቸገረው ስለሆነ የሚያስፈልገው ከፕላስ 1 እስከ ፕላስ 3.50 ያለው ተራ መነጽር ነው። በአንድ ተስተካካይ መነጽር ዋጋ ሰባት ተራ መነጽር ይገዛል። ሰባቱ ለሰባት ሰው ይሸጣሉ፤ አንዱ ለአንድ ሰው። ተራው ሲሰበር ገዢው ሌላ ሊገዛ ይመለሳል፤ ባለ ቁልፉ ሲሰበር ግን ሊጣላ ይመለሳል። በተጨማሪም የሕክምና መሣሪያዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ፣ በጅምላ ለማስገባት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የሚጠየቀውን ፈቃድ ከባለሥልጣኑ ማጣራት አለበት። በጉምሩክ መጋዘን የተያዘ ዕቃ ወለድ ይበላል እንጂ ትርፍ አያመጣም።

ከዚህ የተሻለ ሥራም አለ። ከመነጽሩ ይልቅ ልኬቱን ወደ ገበያው ማምጣት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት ኦፕቶሜትሪስቶችን ያሠለጥናሉ። የከተማው ነጋዴዎች ተሰባስበው ከጤና ተቋም ጋር ተነጋግረው በወር አንድ የገበያ ቀን ባለሙያ እንዲመጣ ቢያደርጉ፣ ከላይ በተያዘው ስሌት እያንዳንዱ ደላላ ለትራንስፖርትና ለባከነ ቀን የሚያወጣው 1,300 ብር ይቀርለታል። ሃያ ደላላ ቢመረመር በአንድ ቀን 26,000 ብር ከኪሣራ ዳነ ማለት ነው። ሞራና ግላኮማ ያለባቸውም ዓይናቸው ሳይጠፋ ተለይተው ወደ ሕክምና ይላካሉ።

እስከዚያው ግን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የቀዳዳዋ ፈተና፤ ቀጥሎ የዓይን ምርመራ፤ ከዚያ ቅርቡ ብቻ ከሆነ ተራው መነጽር፣ ሩቁ ወይም አስቲግማቲዝም ከሆነ የታዘዘው መነጽር። ተስተካካዩ መነጽር የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በመጠባበቂያነት ነው።